ቶንዶስ አሳየው እንጂ አላመጣውም

እናቶች ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ኮፍያውን ቶሎ አያወልቁም። መጀመሪያ ስለ ሳሉ ያወራሉ። ምግብ እምቢ ስለማለቱ ያወራሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዶክተር፣ ደግሞ ራሱ ላይ ይቺ ነገር...» ይላሉ። ኮፍያው ሲነሳ ልጁ ባዶውን ቦታ በእጁ ለመሸፈን ይቸኩላል። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ማፈርን ከየት ተማረው? ከእኛ ነው።

የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ የምሠራው አዲስ አበባ ነው። ከሥራዬ ሁሉ የልጅ ራስ ማየት እወዳለሁ። ልጁ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለ፣ በዓይንና በጣት ብቻ ብዙ ማወቅ ይቻላል። ጥሩ ብርሃን፣ ማጉያ መነጽርና ትዕግሥት ካለ ግማሹ መንገድ አለቀ። የሚያሳዝነኝ ልጆቹ እኔ ጋ ሲደርሱ በሽታቸው ስም ወጥቶለት ማብቃቱ ነው። ጎረቤት ላሽ ነው ብላለች። መድኃኒት ቤት ቆረቆር ነው ተብሎ ቅባት ተሰጥቷል። አያት የሰው ዓይን ነው ብለዋል። አባት ፀጉር ቆራጩን ሊጣላ ደርሷል። እያንዳንዱ ስም የራሱ መድኃኒት አለውና ሁሉም ተሞክሯል። ራሱ ተላጭቷል፣ በነጭ ሽንኩርት ታሽቷል፣ የቅባት ዓይነት ተፈራርቆበታል። ፀጉሩን ከፈል ከፈል አድርጎ፣ ወደ መስኮት አዙሮ፣ በደንብ ያየው ሰው ግን የለም።

ዛሬ የምጽፈው በዚህ የተነሳ ነው። የልጅ ፀጉር ቦታ ቦታ ሲለቅ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዳንዱን ብዙ ሰው ሰምቶት አያውቅም፤ ሐኪምም ያሳስታል። ከእሱ ልጀምር።

አንድ ልጅ ነበር። ማንነቱ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። አምስት ዓመቱ ነው። ከእናቱና ከአያቱ ጋር መጣ። ከግንባሩ ጎን፣ ከግራ ጆሮው ከፍ ብሎ፣ ሁለት ጣት የሚያክል ቦታ ባዶ ሆኗል። ለወራት የቆረቆር ክኒን ወስዷል። ክኒኑ ሲያልቅ ለላሽ ተብሎ ቅባት ተሰጥቶታል። ኬጂው «ሳይድን እንዳይመጣ፣ ሌሎቹን ያስይዛል» ብሎ ቤት አስቀርቶታል። አያቱ ጠበልም ወስደውታል።

«እማማ፣ መቼ ነው የጀመረው?» አልኳቸው።

«ካቻምና ነዋ የኔ ልጅ። ፀጉሩን ተቆርጦ የመጣ ለት ነው ያየነው። ያ ቶንዶስ ነው የበላው።»

ይህን መልስ ሁልጊዜ እሰማለሁ። ሁሉም ሰው ዘመኑን የሚቆጥረው ፀጉር ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ነው። እውነትም ቶንዶስ ካልጸዳ ቆረቆርን ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ይህንን አልክድም። ግን ደግሞ ረጅም ፀጉር ሸፍኖት የኖረውን ነገር ወደ ብርሃን የሚያወጣውም ቶንዶስ ነው። «የታየበት ቀን» እና «የጀመረበት ቀን» የተለያዩ መሆናቸውን አለመለየት ብዙ ቤተሰብ ያሳስታል። ለብዙ ልጅም የማያስፈልገውን መድኃኒት ያስውጠዋል።

ልጁን መስኮት አጠገብ አስቀምጬ አየሁት። ቆዳው ጤነኛ ነው። ቅርፊት የለውም፣ አልቀላም፣ አላበጠም። ጥቁር ነጥቦችም የሉም። ጠባሳ ቢሆን ኖሮ ቆዳው ይለሰልስና የፀጉር ቀዳዳዎቹ ይጠፉ ነበር፤ የሱ ግን አሉ። በማጉያ ሳየው ቦታው ጭራሽ ባዶም አይደለም። ስስና ለስላሳ ፀጉር፣ ልጆች ጉንጭ ላይ ያለው ዓይነት፣ ሞልቶበታል። ዳር ዳሩን ያለውን ወፍራም ፀጉር ቀስ ብዬ ሳብኩት፤ አንድም አልወጣም። ቅርጹ ደግሞ ሦስት ማዕዘን ነው። ሰፊው ጎኑ ወደ ግንባር፣ ጫፉ ወደ ኋላ።

«የልጅነት ፎቶ አለሽ?» አልኳት እናትየውን።

ስልኳን አውጥታ ወደ ኋላ ሄደች። የአንድ ዓመት ልደቱ ላይ የተነሳው ተገኘ። ፊኛ ተሰቅሏል፤ ልጁ ኬኩ ላይ ጎንበስ ብሏል። በሁለት ጣቷ ፎቶውን አሰፋችው። ያው ቦታ፣ ያው ቅርጽ ነው፤ ያኔ ፀጉሩ ሳስቶ ስለነበር ማንም አላስተዋለውም። አያቱ ከትከሻዋ በላይ አጮልቀው አዩና «ታዲያ አብሮት የኖረ ነዋ!» አሉ። ምርመራው በዚሁ አለቀ።

የሕክምና ስሙ ቴምፖራል ትሪያንጉላር አሎፔሺያ ይባላል። ብዙ የሚያጋጥም አይደለም። አንዳንዱ ሲወለድ ጀምሮ አለው፤ አብዛኛው ግን የሚታወቅለት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ይወጣል፤ ሁለቱም ጎን የሚወጣበት ልጅም አለ። አይተላለፍም። አይሰፋም። የበሽታ መከላከያም እጁ የለበትም። ቦታው ላይ ወፍራም ፀጉር መብቀል ሲገባው ስሱ ፀጉር በቀለ፣ እሱ ነው ነገሩ። በራሱ ጊዜም አይጠፋም፤ ፀጉሩ ረዘም ሲል ግን ይሸፈናል። ካደገ በኋላ በጣም ከከበደው ፀጉር የማስተከል አማራጭ አለ። ለልጅ ግን መድኃኒት አያስፈልገውም።

«ታዲያ ምን ልትሰጪው ነው?» አሉኝ አያቱ።

«ምንም፣ እማማ።»

ይህን መልስ መስጠት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ቤተሰብ ከሩቅ ተነስቶ፣ ሥራ አስፈቅዶ፣ ከፍሎ መጥቷል። ባዶ እጁን ሲመለስ ያልታከመ ይመስለዋል። ለዚህም ይመስለኛል ብዙ ሐኪም ቢያንስ አንድ ቅባት ጽፎ የሚሸኘው። እኔ ለልጁ የጻፍኩት ለኬጂው የሚሰጥ ደብዳቤ ነው። ችግሩ ተላላፊ እንዳልሆነ፣ ልጁም ነገውኑ መመለስ እንደሚችል የሚገልጽ። ከክኒኑ ሁሉ ይልቅ እሱ ወረቀት ጠቀመው።

ይህን ሦስት ማዕዘን መጀመሪያ የገለጸው ሬሞን ሳቡሮ የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1905። ፓሪስ በሚገኘው ሳን ሉዊ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ስሙን የላብራቶሪ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። ፈንገስ የሚያበቅሉበት ማሳደጊያ እስከ ዛሬ በሱ ስም ይጠራልና። እኔም ከልጅ ራስ የፋቅሁትን ቅርፊት ወደ ላብራቶሪ ስልከው የሚዘራው እዚያው የሳቡሮ ማሳደጊያ ላይ ነው።

ሳቡሮ ሌላም ነገር ትቶልናል። ቆረቆርን በኤክስሬይ ማከምን ካስፋፉት ሰዎች ዋናው እሱ ነው። በዘመኑ የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት አልነበረም። ስለዚህ የልጁ ራስ በጨረር ይመታና ፀጉሩ በሙሉ ይረግፋል፤ የተያዘው ፀጉር አብሮ ይሄዳል። ሕክምናው በብዙ አገር ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች የዚያን አገር ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ፣ ቤተ እስራኤላውያን በብዛት ከመግባታቸው ብዙ ዓመት በፊት፣ በተለይ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የመጡ ልጆች በዚህ መንገድ ታከሙ። ቁጥራቸው ከአሥር ሺህ በላይ ነው። በ1974 የወጣ ጥናት እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ ራስ ቅላቸው ውስጥ የሚወጣ ዕጢና የእንቅርት ዕጢ ካንሰር እንደበዛባቸው አሳየ። በ1994 ካሳ የሚከፍል ሕግ ወጣላቸው። ግሪሲዮፉልቪን የተባለው ክኒን ከ1958 በኋላ ሲመጣ ነው ኤክስሬዩ ቦታ የለቀቀው።

ይህን ታሪክ ለተለማማጅ ሐኪሞች ሁሌ እነግራለሁ። ቆረቆር ልጅ አይገድልም። ለእሱ ተብሎ የተደረገው ግን ብዙ ሰው ጎድቷል። ስለዚህ የልጅ ራስ ላይ ምንም ነገር ከማድረጌ በፊት ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ቆረቆር ልምጣ፤ እኛ አገር በልጅ ራስ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው እሱ ነው። ፈንገስ ነው የሚያመጣው። እኛ ጋ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ፈንገስ ፀጉሩ ውስጥ ገብቶ ይኖራል። ፀጉሩ ይዳከምና ልክ ከቆዳው ሲወጣ ይሰበራል። በማጉያ ሲታይ ባዶው ቦታ ላይ ጥቁር ነጥቦች ተዘርተዋል፤ የተሰበረው ፀጉር ጉቶ ናቸው። አንዳንዱ አጭር ፀጉር ደግሞ ተጠማዞ ይታያል። ቅርፊት አለው፣ ያሳክካል። አንዳንዴ ግን ባዶ ቦታ እንኳ ሳይኖር ፎረፎር ብቻ መስሎ ይመጣል። ገና ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ በሻምፑ የማይለቅ ፎረፎር ካለበት እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ቆረቆር ነው።

ሌላ የማደርገው ነገር አለ፤ እናንተም ቤት ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ጣታችሁን ከልጁ ማጅራት ከፍ አድርጋችሁ፣ ከጆሮው ኋላም፣ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። በጣት ሥር የምትንሸራተት ንፍፊት ካለች፣ ከቅርፊትና ከባዶ ቦታ ጋር ተደምራ ሚዛኑን ወደ ቆረቆር ታዘነብላለች። ያ የሦስት ማዕዘኑ ልጅ ንፍፊት አልነበረውም።

ስለ መብራቱም ልናገር። አንዳንድ ክሊኒክ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሐምራዊ መብራት ያበሩና «አረንጓዴ ስላላበራ ፈንገስ የለም» ይላሉ። ከድመትና ከውሻ የሚመጣው ማይክሮስፖረም የተባለው ፈንገስ ያበራል፣ እውነት ነው። የኛው ቫዮላሲየም ግን አያበራም። ስለዚህ አለማብራቱ እዚህ አገር ብዙ አይነግረንም። የሚሻለው ቅርፊቱንና ጉቶውን ፍቆ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ኬሚካል አሟሙቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ማሳደጊያው ላይ መዝራት እስከ አራት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ምልክቱ ግልጽ ከሆነ ውጤቱን ሳንጠብቅ እንጀምራለን። ቫዮላሲየም ከሰው ወደ ሰው ነው የሚተላለፈው፤ እባካችሁ ምርመራ ሳይደረግ ድመቷን አታባርሩ።

ቅባት ለምን አይበቃም? ቅባት ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ፈንገሱ ያለው ፀጉሩ ውስጥ ነው። የራስ ቆረቆር የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወሰዳል። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በደንብ ወደ ደም ይገባል፤ ከወተት ወይም ከእንቁላል ጋር ስጡት። ቤቱ ጾም ከሆነ ኦቾሎኒ ቅቤ ወይም አቮካዶ ይሠራል። ቴርቢናፊን የሚባለው ደግሞ ጊዜው አጠር ይላል፣ ለትራይኮፋይተንም ጥሩ ነው። የቱና ስንት የሚለውን በልጁ ኪሎ ሐኪም ይወስናል። ማሳከኩ ሲተው ክኒኑን ማቆም የተለመደ ነው፤ ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ኬቶኮናዞል ወይም ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለበት ሻምፑ ብቻውን አያድንም፣ ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ ግን ያግዛል። ትራስ፣ ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ሻሽ የሚጋሩት ወንድምና እህትም ይታዩ። ምልክት ሳይኖርበት ፈንገሱን ይዞ የሚዞር ልጅ አለና። መድኃኒት የጀመረ ልጅ ትምህርት ቤት መሄድ ይችላል። መላጨትም ግድ አይደለም።

ሁለት ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንደኛው፣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚሸጡ ስቴሮይድ የተቀላቀለባቸው ቅባቶች ናቸው። መቅላቱንና ማሳከኩን በቀናት ያጠፋሉ፤ ቤተሰቡ ዳነ ብሎ ይደሰታል። ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፣ መልኩም ስለሚቀየር ሐኪሙም ይቸገራል። ሁለተኛው ብጉንጅ የሚመስለው ነው። ቦታው ያብጣል፣ ሲነኩት ለስለስ ይላል፣ መግል ያወጣል፣ ልጁ ያተኩሰዋል። ኬሪዮን ይባላል። ሰውነት ለፈንገሱ የሚሰጠው የበረታ ምላሽ ነው። ብጉንጅ ነው ተብሎ በምላጭ ሲከፈት ወይም አንቲባዮቲክ ብቻ ሲሰጥ ጊዜ ይባክናል። የሚያድነው ያው የፈንገስ ክኒን ነው። ከዘገየ የፀጉሩ ሥር ይሞትና ቦታው ዕድሜ ልክ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ ራሱ ላይ እንዲህ ያበጠ ልጅ ካለ አትጠብቁ።

ላሽ ሌላ ነው። የሰውነት በሽታ መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አሎፔሺያ አሪያታ ይባላል። ከመቶ ሰው ሁለት ያህሉን በዕድሜው አንድ ጊዜ ያገኘዋል። ቦታው ክብ፣ ልስልስ ያለ፣ ቅርፊት የሌለው ነው። ዳሩ ላይ አጫጭር ፀጉሮች ይገኛሉ፤ ከላይ ወፈር፣ ከሥር ቀጠን ያሉ። ራሱን ካየሁ በኋላ «እስቲ እጅሽን አሳዪኝ» እላለሁ። ልጆቹ ግር ይላቸዋል። የማየው ጥፍር ነው። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ጥፍር ላይ ካሉ ከላሽ ጋር ይሄዳሉ፤ በሽታውም ጠንከር ሊል እንደሚችል ይጠቁማሉ። አይተላለፍም። ንጽሕና በማጣት አይመጣም። እናት በደንብ ስላላበላች አይመጣም።

ነጭ ሽንኩርት ለምን ስም እንዳወጣ ታውቃላችሁ? አንድ ሁለት ትንሽ ቦታ ብቻ ያለው ልጅ፣ ምንም ባይደረግለትም፣ ብዙ ጊዜ በዓመት ውስጥ ፀጉሩ ይመለሳል። በዚያ መሀል ነጭ ሽንኩርት ከታሸ ምስጋናው ለሽንኩርቱ ይሄዳል። ችግሩ የልጅ ቆዳ ማቃጠሉ ነው። ውኃ ቋጥሮ፣ ተላጦ፣ ላሹ ላይ ቁስል ተጨምሮበት የመጣ ልጅ አይቻለሁ። ላሽ በራሱ ጠባሳ አይተውም፤ ቃጠሎ ግን ይተዋል። ፀጉሩ ሲመለስ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ ሊበቅል ይችላል። አትደንግጡ፣ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ቆይቶ ይመጣል።

ለሰፋ ላሽ ጠንከር ያለ የስቴሮይድ ቅባት በሐኪም ክትትል እንጠቀማለን። ልጁ ካደገና ከቻለ በመርፌ ቦታው ላይ እንሰጣለን። በጣም ለበረታው አዳዲስ ክኒኖች መጥተዋል። ባሪሲቲኒብ በአሜሪካ ለአዋቂዎች በ2022 ተፈቀደ፤ ሪትሌሲቲኒብ ደግሞ በ2023 ከ12 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች። አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ከሐኪማችሁ ጋር ብትነጋገሩበት ጥሩ ነው። ዋጋቸው ከፍተኛ ነው፤ የደም ምርመራና ክትትልም ይፈልጋሉ።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ የሚጠይቁኝ ወላጆች ናቸው። ልጆቹ የሚጠይቁኝ ሌላ ነው። አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ «ሻሼን ክፍል ውስጥ አውልቂ ብትለኝ ምን ልበላት?» አለችኝ፤ መምህሯን ነው። ከኋላ ማጅራቷ ዙሪያ ሁሉ ሄዶ ነበር፤ ያኛው ዓይነት ቶሎ አይመለስም፣ ይህን ለእናቷ አልደበቅኩም። ለልጅቷ የአያና ፕሬስሊን ፎቶ አሳየኋት። የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ናት፤ በ2020 ላሽ እንዳለባት በአደባባይ ተናግራ ያለ ዊግ የታየች ሴት። ልጅቷ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ጉትቻዋ ያምራል» አለች። ለመምህሯም ደብዳቤ ጻፍን።

አንድ የቀረኝ አለ፣ ብዙ ሰው ሊሰማው የማይፈልገው። ልጅ የራሱን ፀጉር ሲነቅል። ቦታው ክብም ሦስት ማዕዘንም አይሆንም፤ ቅርጽ የለውም። ቆዳው ንጹሕ ነው። ፀጉሩ ግን አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ መሀሉ ላይ የተቆረጠ ነው። ላሽ እንዲህ አያደርግም። ብዙ ጊዜ አናት ላይ ወይም ልጁ በሚጽፍበት እጅ በኩል ነው። አንዲት ልጅ ከአክስቷ ጋር መጣች። እናቷ ዱባይ ለሥራ ከሄደች ቆይታለች። አክስትየዋ በቅባት ደክማለች። «ትነቅያለሽ ወይ?» ብዬ ብጠይቃት አልነቅልም ትላለች፤ የሚያፈጥጥባት ሰው በዝቷል። ስለዚህ «እጅሽ ወደ ፀጉርሽ የሚሄደው መቼ መቼ ነው?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ስልኩ ሲዘጋ» አለች። ከእናቷ ጋር የምታወራበት ስልክ ነው።

ይህ ክፋት አይደለም፣ ጋኔንም አይደለም። በቁጣና በጥፊ ይብሳል። ብዙ ሕፃናት እያደጉ ሲሄዱ ይተዉታል። በትልልቆቹ ላይ ከቆየ የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ ይረዳል፤ እጅ ወደ ፀጉር ሲሄድ ማስተዋልንና ሌላ ሥራ መስጠትን ያለማምዳል። የነቀለውን የሚውጥ ልጅ ካለ ግን ለሐኪም ተናገሩ። ፀጉር አይፈጭም፤ ሆድ ውስጥ ይከማቻል። የሆድ ሕመም፣ ማስታወክ ወይም ክብደት መቀነስ ካለ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

ሹሩባን በአጭሩ። ልጅቷ ስትሠራ ካለቀሰች ወይም ግንባሯ ዳር ጥቃቅን ብጉር ካወጣች ጠብቋል ማለት ነው። ፍቱት። በጊዜ ከተፈታ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከተጎተተ ግን ላይመለስ ይችላል። ጨቅላ ሕፃን ከኋላ ፀጉሩ ቢሳሳ የተለመደ ነው፤ ቁጭ ማለት ሲጀምር ይሞላል። ሲወለድ ጀምሮ ጠባሳ የሚመስል ወይም ቢጫ ሆኖ ከፍ ያለ ፀጉር አልባ ቦታ ካለው ግን አሳዩት።

ሐኪም ጋ ስትመጡ እንዲህ አድርጉልን። ልጁን አትላጩት፤ የምናነበው ፀጉሩን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቅባትና ቅቤ ይቅርበት። ስልካችሁ ላይ ጎኑንና ኋላውን የሚያሳዩ የቆዩ ፎቶዎች ፈልጉ፤ የልደት፣ የጥምቀት፣ ማንኛውም። እስከ ዛሬ የተቀባውንና የተዋጠውን ሁሉ፣ ባዶ ቱቦም ቢሆን፣ በፌስታል ይዛችሁ ኑ። የባህል መድኃኒት ካለም ንገሩን፤ አንቆጣም። አዲስ የጥርስ ብሩሽ ደግሞ ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ምላጭ የሚፈራ ልጅ ካለ ቅርፊቱን በብሩሹ ቦታው ላይ አሽቼ እወስድና ብሩሹን እንዳለ ለላብራቶሪ እልካለሁ።